ያልተከረከመው ቅጂ

ጥቅምት 3

ሚጡዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ወንበርሽ ላይ ትራስ ደርበሽ ነው የምታስተምሪው? እኔ ደህና ነኝ። ብርድ ሲገባ ጣቶቼ ትንሽ ይለግማሉ እንጂ ሌላ የምከሰው ነገር የለኝም።

መጽሐፉ ወጣ። ትናንት ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ክምር ከመከርከሚያው ማሽን ወረደ። ቆራጩን ታስታውሺዋለሽ፣ ከእኔ ጠረጴዛ ቀጥሎ ቆሞ ዕድሜ ልኩን የመጽሐፍ ጠርዝ ሲከረክም የኖረውን? አንዱን ቅጂ አንስቶ አሸተተውና «ሠላሳ ዓመት የሰው ልጅ ስናዋልድ ኖረን ዛሬ ገና የራሳችንን ወለድን» አለኝ። «የራሳችንን? አንተንም ምጥ ይዞህ ነበር?» አልኩት። ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እርጥብ ነበር።

ስለ ምንድን ነው ላልሽኝ፦ አንዱ ጎኗ ሁልጊዜ ፀሐይን ስለሚያይ፣ ሌላው ጎኗ ብርሃን አይቶ ስለማያውቅ ዓለም ነው። አንዲት የጠፈር መርከብ ትዞራታለች። መርከቢቱ በብርሃኑ በኩል ስታልፍ ድምፅዋ ይሰማል፤ በጨለማው በኩል ስታልፍ አይሰማም። መልእክት ተቀባይዋ ሴት ግማሹን ትሰማለች፣ ያልሰማችውን ከራሷ ትሞላለች፤ አለቃዋ ደግሞ ሳያነብ ይፈርማል። ርዕሱ «ባዶው ጎን» ነው። ይህን ከየት አመጣሽው አትበይኝ። ፊደል የቆጠርኩት በምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ በአንድ ጎን ብቻ ታትመው በተጣሉ ሉሆች ነው። ገጽ አንድን ካነበብኩ በኋላ የማገኘው ገጽ አራትን ነበር። ሁለትና ሦስት ላይ ምን ሆኖ ይሆን እያልኩ ከራሴ ስሞላ ነው የኖርኩት።

መታሰቢያውን አውጪው ያልሽኝን አልሰማሁሽም። «ለእህቴ፤ የመጀመሪያውን ቅጂ ተሸክማ ለሄደችው» ይላል፤ ታትሟል፣ አለቀ።

እሱን ለምን ጋበዝሽው ላልሽኝ ግን በደንብ ልመልስልሽ። አዎ፣ ምረቃው ላይ ስለ መጽሐፉ የሚናገረው ሐያሲው ነው፤ እሑድ እሑድ በሬዲዮ «አንብቤዋለሁ» ብሎ የሚጀምረው። እዚህ ማተሚያ ቤት ስሙን የሚጠራው የለም፤ «ጋሽ አንብቤዋለሁ» ነው የምንለው። ያኔ አንቺ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆነሽ፣ የትምህርት ቤት የደንብ ልብስሽን ለብሰሽ፣ ጽሑፌን ቢሮው ድረስ የወሰድሽለት ሰውዬ። ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ ብሎ፣ «ወረቀት አጣፊ ወረቀት ማጠፏን ትቀጥል፤ መጻፉን ለሚችሉበት ትተው» ብሎ የመለሰሽ። በዚያች ዓረፍተ ነገር ምክንያት አሥራ ዘጠኝ ዓመት እርሳስ አልጨበጥኩም። ሚጡ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስንት መጽሐፍ ይጻፋል?

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እስቲ እንደገና አስታውሺና ጻፊልኝ፤ ሲናገር ተቀምጦ ነበር ወይስ ቆሞ? ፊትሽን አይቶ ነው ወይስ አንገቱን ደፍቶ? ያስፈልገኛል።

እህትሽ


ጥቅምት 21

እትዬ፣

ቶሎ ባለመመለሴ ይቅርታ አድርጊልኝ። የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም ነበር፤ ከዚያ ትንሹ ልጅ አመመው፤ አሁን ድኗል፣ አታስቢ። መጽሐፍሽን ገና አላገኘሁትም፤ እዚህ ሲደርስ መጀመሪያ እኔ ነኝ የማነበው። ልጆቹ ሰፈሩን ሁሉ «አክስታችን ስለ ሰማይ ጻፈች» እያሉ አውርተው ጨርሰዋል። ባለቤቴ ደግሞ «ከስንት ዓመት በኋላ ይሄን ሁሉ ነገር የት ደብቃው ነበር?» ይላል። ምን ልበለው?

የጠየቅሽኝን ነገር ለማስታወስ ሞከርኩ። ቆመው ነበር መሰለኝ። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ከውጭ የመኪና ድምፅ ይገባ ነበር። ከዚህ በላይ አይመጣልኝም፤ ሃያ ሁለት ዓመት እኮ ሆነው። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ፈርቼም ነበር።

እትዬ፣ እንደ ታላቅሽ ቁጠሪኝና አንድ ጊዜ ልምከርሽ። ሰውየው አርጅተዋል። ምን እንደተናገሩ እንኳ ዛሬ አያስታውሱትም። እግዜር የሰጠሽን የደስታ ቀን በቂም አታጥቁሪው። ሌላ ተናጋሪ ጠፍቶ ነው? እሳቸውን ተያቸው፤ እባክሽ።

ለምረቃው አልመጣም። ፈቃድ ጠይቄ ከለከሉኝ። እንዳትቀየሚኝ።

ደግሞ ያቺን መታሰቢያ፣ ሁለተኛ ጊዜ ቢታተም እንኳ አውጪያት። አንድ ጥቅል ወረቀት በአውቶቡስ ይዞ መሄድ ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው በመጽሐፍ ላይ የሚጻፈው? ሰው ሲጠይቀኝ ምን እላለሁ?

ታናሽሽ


ኅዳር 5

ሚጡዬ፣

ልጁ ስለዳነ ደስ ብሎኛል። ሲያምመው መጻፍ ነበረብሽ፤ ከዳነ በኋላ መስማት ልማድሽ ሆኗል።

ፈቃድ ከለከሉኝ ያልሽውን አምኜሻለሁ። «እሳቸው» እያልሽ የምትጽፊልኝን ግን ተይው። ያኔ ስትመለሺ እዚያ ደረጃችን ላይ ተቀምጠሽ እያለቀስሽ «ከወንበሩ እንኳ ሳይነሳ» ነበር ያልሽኝ። ዛሬ ቆመው ነበር ትያለሽ። ምንም አይደለም፤ ሰው ይረሳል። እኔ ተቀምጦ እንደነበር ይዤዋለሁ፤ እሱ ይበልጥ ያቃጥላል።

መጽሐፉ ሲደርስሽ ሽፋኑ ላይ ሮኬት ምን ይሠራል ብለሽ በስልክ ላልሽኝ፦ ሽፋን ሠሪው ሳያነብ ነው የሳለው። «የሰማይ ነገር ነው አሉኝ» አለ። በዚያ ሮኬት ምክንያት አንዱ መሸጫ ከሕፃናት መጻሕፍት ጋር ደርድሮት አገኘሁ። አንዲት እናት ለአምስት ዓመት ልጇ ልትገዛው ስትል ራሴ ሄጄ ከእጇ ተቀበልኳት። ገዢ የሚያባርር ደራሲ እኔን አየሽ።

ማስታወቂያውን ከቆራጩ ጋር ነው የለጠፍነው፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ፣ የሆስፒታሉ አጥር ላይ። ሙጫው የጥረዛ ሙጫ ነው፤ ግድግዳው ካልፈረሰ አይነቀልም። ሬዲዮም ወስደውኝ ነበር። ጠያቂው ገና ልጅ ነው፤ «ሴት ሆነው እንዴት ሳይንስ ልቦለድ ጻፉ?» አለኝ። «አንተስ ሳታነብ እንዴት ጠያቂ ሆንክ?» ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። በማግስቱ ጋዜጣው «ዝምተኛዋ ደራሲ» ብሎ ጻፈኝ። ዝም ያልኩት አፌ ሞልቶ እንደሆነ ማን ይንገራቸው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ሐያሲው እሺ ብሏል። ቅጂውን ራሴ ወሰድኩለት። ቢሮው ያው ነው መሰለኝ፤ መጻሕፍቱ ጣሪያ ደርሰዋል፤ ግማሾቹ ገና ከመጡበት ወረቀት አልወጡም። አየኝ፤ አላወቀኝም። ከየት ያውቀኛል?

«የት ነው የምንተዋወቀው?» አለኝ።

«በሰው በኩል» አልኩት።

«ደስ ይላል፣ ደስ ይላል። ስንት ገጽ ነው?»

ስለ ምንድን ነው አላለኝም፤ ስንት ገጽ ነው። ዘጠና ስድስት አልኩት። «አጭር ነው፤ ጎበዝ» አለና ቀኑን ጻፈ።

«ይህ ቅጂ ለእርስዎ ለብቻዎ የተሠራ ነው፤ በእጄ ነው የሰፋሁት» ብዬ ሰጠሁት። እውነቴን ነው። በዚያ ቅጂ ላይ ምን እንዳደረግኩ ግን ላንቺም አልነግርሽም። ከእኔና ከቆራጩ በቀር የሚያውቅ የለም። ቆራጩ «ኧረ ተይ፣ ይሄማ ወጥመድ ነው» አለኝ። «ወጥመድ የሚሆነው ካላነበበው ብቻ ነው» አልኩት። «ቢያነበውስ?» አለኝ። ቢያነበውማ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ ይኸው ጽፌልሻለሁ።

ተይው እያልሽ ሁለት ጊዜ ደውለሻል። አልተውም። ሦስተኛ አትደውዪ።

እህትሽ


ኅዳር 28

ሚጡዬ፣

ደህና ነኝ። አልታሰርኩም። ጋዜጣው ላይ ያየሽው እውነት ነው ወይ ላልሽኝ፣ ቢላዋ አውጥቻለሁ፤ ሰውየው ላይ ግን አይደለም። የወረቀት መክፈቻ ቢላዋዬ ነው፣ ያ እጀታው በክር የተጠመጠመው። ቅቤ እንኳ በወጉ አይቆርጥም።

እንዲህ ነው የሆነው። የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። እሱ ግማሽ ሰዓት ተናገረ። ድምፁን ታውቂዋለሽ፤ የስልክ ማውጫ ቢያነብልሽ ታለቅሻለሽ። «አንብቤዋለሁ» አለ። «አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ። ከዳር እስከ ዳር።» ከዳር እስከ ዳር ሲል በወንበሬ ላይ ቀጥ አልኩ። ያችው ቃል! ከዚያ ስለ ሰው ልጅና ስለ ከዋክብት ብዙ የሚያምር ነገር አወራ፤ በማንኛውም መጽሐፍ ላይ ቢደርቡት የሚሆን ነገር። ስለ መልእክት ተቀባይዋ አንድም አላነሳ።

ተራዬ ደረሰ። ሰው ፊት መናገር ለእኔ ሞት እንደሆነ ታውቂያለሽ። «ለጋሼ አንዲት ልመና አለችኝ» አልኩ። «በዚያ በሚያምር ድምፅዎ ገጽ ሃያ ሁለትን ያንብቡልን።»

ደስ ብሎት ቅጂውን አነሳ። ገለጠ፤ ሃያ። ሃያ አንድ። ቀጥሎ ሃያ አራት። ወደ ኋላ ተመለሰ። ጣቱን በምራቁ አርሶ እንደገና ገለጠ። ሃያ አራት።

«ይቅርታ፣ ይህ ቅጂ ጉድለት አለበት» አለ። «ገጽ ሃያ ሁለት የለውም።»

«አለው ጋሼ» አልኩት። «አልተከፈተም እንጂ።»

ቢላዋዬን ያወጣሁት ያኔ ነው። ቅጂውን ተቀብዬ የተዘጋውን ጠርዝ ከላይ እስከ ታች ቀደድኩት፤ ድምፁ የኋላው ረድፍ ድረስ ተሰማ። ሃያ ሁለትና ሃያ ሦስት ብርሃን አዩ። ከዚያ ለሕዝቡ አስረዳሁ፤ አንድ ትልቅ ሉህ ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይሆናል። ጠርዙ ካልተከረከመ ግማሹ ገጽ ታጥፎ እንደተዘጋ ይቀራል። «ይህ ቅጂ ሆን ተብሎ አልተከረከመም። ለማንበብ ቢላዋ ይፈልጋል። ጋሼ፣ ሁለቴ ያነበቡት በምንዎ ነው?»

መጀመሪያ ቆራጩ ሳቀ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ።

እዚያ ላይ አላቆምኩም። ሃያ ሁለት ዓመት የቆየውን መለስኩለት። «ወረቀት አጣፊ ወረቀት ማጠፏን ትቀጥል ብለውኝ ነበር። መጽሐፍ የማይከፍት ሐያሲስ ምን ያድርግ?» ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። «እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም» አለኝ። «የእርስዎን ጽሑፍም አይቼ አላውቅም።» ሰው እንዴት በሁለት መቶ ሰው ፊት ሁለት ጊዜ ይዋሻል? ደስ አለሽ ወይ ብለሽኛል። አዎ። እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣሁት። እሑድ የሬዲዮ ሰዓቱ ላይ ዘፈን አጫወቱ። መጽሐፉ አልቆ ሁለተኛ ሊታተም ነው።

ይህን ነገር እንዴት አሰብሽው ላልሽኝ፣ እስከ ዛሬ የደበቅኩሽን ልንገርሽ። ያኔ ያስያዝኩሽ ጽሑፍም ያልተከረከመ ነበር። ሆን ብዬ አይደለም፤ ስህተት ነው። የጻፍኩት በተበላሹት ሉሆች ባዶ ጎን ላይ ነበር። ያን ሰሞን የምናትመው ስለ ዶሮ እርባታ ስለነበር በታተመው ጎን በኩል ዶሮ ነው፤ በባዶው ጎን የእኔ ታሪክ። ሳጥፈው ባዶው ጎን ወደ ውስጥ ገባ። ሰፋሁት። የእኔ ሥራ የሚያልቀው መስፋት ላይ ነው፤ መከርከም የሚቀጥለው ጠረጴዛ ሥራ ነው። ከእጄ የወጣ መጽሐፍ ሁሉ አልቆ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ቆራጩ ያን ቀን ለቅሶ ሄዶ ነበር፤ አንቺም በጠዋቱ አውቶቡስ ይዘሽው ሄድሽ።

ጽሑፉ ተመልሶ ሲመጣ ጠርዙን አየሁት። ሁሉም ገጽ እኔ እንዳጠፍኩት ዝግ ነው። አንዲት ቅጠል አልተከፈተችም። «ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ» ያለው ዶሮዎቹን እንኳ በወጉ ሳያይ ነው! ሳይገልጠው፣ ወረቀት አጣፊ ስለሆንኩ ብቻ ካሰናበተኝ፣ ቢከፈትስ ማን ያነበዋል ብዬ እርሳሱን ጣልኩ። ላንቺ ያልነገርኩሽ ስለ እኔ ብዙ ስላለቀስሽ ነው፤ እንባሽን ልደግምብሽ አልፈለግኩም።

አሁን ተፈጸመ። እፎይ።

እህትሽ


ታኅሣሥ 12

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አምስተኛውን ሳላነበው ፖስታ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ካነበብኩት አልልከውም።

ሰውየው አልዋሹሽም። ያን ነገር አላሉም። ጽሑፍሽንም አላዩም። እኔ አልሰጠኋቸውም።

በአውቶቡሱ ላይ ጥቅሉን ፈታሁት። እህቴ ምን ጽፋ ይሆን ብዬ ጓጉቼ ነበር። ገለጥኩት፤ ስለ ዶሮ ውሃ ማጠጫ ነው። ገለጥኩ፤ ስለ እንቁላል። እስከ መጨረሻው ዶሮ ነው። አንድም ያንቺ ጽሑፍ የለም። የተዘጋ ገጽ መኖሩን ከየት አውቄ? ቅጠሎቹ ወፍራም መስለውኝ ነበር። ያኔ የመሰለኝን ልንገርሽ፤ ማንበብ በወጉ ስለማትችዪ የተጣለ ወረቀት ሰብስበሽ፣ ሰፍተሽ፣ መጽሐፍ ጻፍኩ ያልሽ መሰለኝ። አቅልሽን የሳትሽ መሰለኝ።

እንዲያም ሆኖ እስከ በሩ ሄጃለሁ። ዘበኛው «ምንድን ነው?» አለኝ። «እህቴ የጻፈችው መጽሐፍ ነው» አልኩት። ገለጥ አድርጎ አየና «እህትሽ ዶሮ ናት እንዴ?» ብሎ ሳቀ። አጠገቡ የነበሩትም ሳቁ። ነጥቄው ሄድኩ። የመመለሻው አውቶቡስ እስኪነሳ አንድ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ምን እንደምልሽ አሰብኩ። አልነበሩም ብልሽ በሚቀጥለው ሳምንት መልሰሽ ትልኪኛለሽ። ዘበኛው ሳቀ ብልሽ ራስሽ ትሄጃለሽ፤ አንቺም ላይ ይስቁብሻል። በሩን ለዘለዓለም የሚዘጋ ቃል ያስፈልገኝ ነበር። ያቺን ዓረፍተ ነገር እዚያ ደረጃ ላይ እኔ ነኝ የፈጠርኳት። እሷን ለማሳመር አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

ለአንቺ አዝኜ ነው ልልሽ ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን አፍሬብሽ ነው። እኔ በአንቺ ጣት የተማርኩ፣ በአንቺ አፈርኩ።

ሦስት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው ስትዪኝ በየደብዳቤው ልነግርሽ ነበር። መታሰቢያውን አውጪው ያልኩሽ ለዚህ ነው። ሰውየውን ተያቸው ያልኩሽም ለዚህ ነው። ከውስጥ ታሪክ እንደነበረበት ግን ባለፈው ደብዳቤሽ ነው ያወቅኩት። እትዬ፣ ከውስጥ ታሪክ ነበረበት?

ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅሽ አላውቅም። ስደቢኝ። ብቻ ጻፊልኝ።

ሚጡሽ


የካቲት 9

ለእህቴ፣

ከዚያ በኋላ የላክሻቸው ሦስቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። አልታመምኩም። እጄም አልተሰበረም። ዝም ያልኩት ዝም ማለት ስለፈለግኩ ነው።

ሐያሲው ቤት ሄጄ ነበር። ራሱ ነው በሩን የከፈተልኝ፤ ሹራቡን ገልብጦ ለብሷል። ሲያየኝ መጀመሪያ እጄን ነው ያየው፤ ቢላዋ ይዤ እንደሆነ።

«ያ ዓረፍተ ነገር የእርስዎ አልነበረም» አልኩት።

«ነግሬዎት ነበር» አለኝ።

«ነግረውኛል። በሰው ፊት የሰደብኩዎትን በሰው ፊት አነሳለሁ፤ ለጋዜጣው ጽፌያለሁ። ሁለቴ አንብቤዋለሁ ያሉት ግን የእርስዎ ነው። እሱን አላነሳልዎትም።»

«ገጽ ሃያ ሁለት ላይ ምን አለ?» አለኝ በመጨረሻ። የተከረከመ ቅጂ ሰጠሁትና «ያንብቡት» ብዬው ሄድኩ። ግማሹን ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ግማሹን ለራሱ ተውኩለት።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ። ያቺን ዓረፍተ ነገር በተሸከምኩባት ዘመን ሁሉ የማየው የሱን ፊት ነበር። ሉህ ባጠፍኩ ቁጥር ፊቱን አጥፍ ነበር፤ ለዚህ ነው እጥፌ እንዲህ ስል የሆነው። አሁን ያን ፊት ሳነሳው ከሥሩ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አገኘሁ፣ ደረጃ ላይ የተቀመጠች። እጄን ምታት አልኩት። እምቢ አለኝ። በዚህ አትጽናኚ፤ ቂሜ አላለቀም። ቦታ ነው የለወጠው።

አፍሬብሽ ነበር ያልሽውን አነበብኩት። እሱን ብቻ ነው ያመንኩሽ። የቀረው ሁሉ ያማረ ነው፤ ያቺ ዓረፍተ ነገርም ያማረች ናት። መጻፍ ያለብሽ አንቺ ነበርሽ።

ይቅር ብለሽኛል ወይ ላልሽኝ፣ እንዲህ ነው መልሱ። ሁለተኛው እትም ሐሙስ ማሽን ላይ ይወጣል። አለቃችን «የምትቀይሪው አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ምንም» አልኩት። «ለእህቴ፤ የመጀመሪያውን ቅጂ ተሸክማ ለሄደችው» እንዳለ ይቀመጣል፣ አንድ ፊደል ሳይነካ፤ በሦስተኛውም፣ ከሞትኩ በኋላ በሚታተመውም። አብረውሽ የሚያስተምሩት ሲጠይቁሽ «እኔ ነኝ» ትያለሽ። ልጆችሽ ሲጠይቁሽ ትነግሪያቸዋለሽ። ፈራጁ እኔ ነኝ፤ ፍርዴም ይኸው ነው።

ከውስጥ ታሪክ ነበረበት ወይ ብለሽ አራት ጊዜ ጠየቅሽኝ። አልመልስልሽም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያለውን ጥቅል አታውቂውም? በአንድ ወቅት በጉልበትሽ ላይ ይዘሽው ሄደሻል። ክሩ ያው የእኔ ክር ነው፤ ጠርዙም ዝግ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም አልከፈትኩትም። ቢላዋውን አብሬ ልኬልሻለሁ፤ ጋዜጣ ላይ የወጣው ራሱ ነው። ቀስ ብለሽ ከላይ ወደ ታች ሳቢው፤ ወረቀቱ አርጅቷል። ዶሮዎቹን እለፊያቸው።

ስትጨርሺ ይዘሽው ነይ። ፈቃድ ከለከሉኝ አትበይኝ። አንብቤዋለሁ ብለሽም እንዳትጽፊልኝ።

ጠርዙን አያለሁ።

ወረቀት አጣፊዋ